መለኪያው በማን እጅ ነው?

«ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለሰው ልጅ ጠቀመ ወይስ ጎዳ?» የሚለው ክርክር መቼም አያልቅም። ተማሪ በሁለት ቡድን ተከፍሎ ይከራከርበታል። አዋቂም በየመድረኩ ይቀጥልበታል። አንዱ ክትባቱን፣ መብራቱን፣ ባቡሩን ይቆጥራል። ሌላው ቦምቡን፣ ጭሱን፣ ሥራ አጥነቱን ይደረድራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጭብጨባው ያልቅና ሁሉም እንደነበረ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔን ይህ ጥያቄ ከሰለቸኝ ቆይቷል።

አሁን አሁን ስለ አንድ አዲስ ፈጠራ ሳነብ ሌላ ነገር ነው የምጠይቀው። ጥቅሙን የሚለካው ማነው? ጉዳቱንስ? ለለካው ሰው ደመወዝ የሚከፍለውስ? ጥያቄው ደረቅ ነው፣ የኦዲተር ጥያቄ ይመስላል። ግን ያለፉትን መቶ ዓመታት ታሪክ ስመለከት፣ አንዱ ፈጠራ ቶሎ ሲታረም ሌላው ትውልድ ሲያበላሽ የቆየበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ተደብቆ አገኘዋለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእርሳስ ልጀምር። መጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን ማለቴ ነው።

በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ አንድ አስቸጋሪ ነገር ፈታ። የዚያ ዘመን ሞተሮች ጫና ሲበዛባቸው ቤንዚኑ ያለጊዜው ይቀጣጠልና ያንኳኩ ነበር። ቴትራኤቲል ሌድ የሚባል፣ እርሳስ ያለበት ፈሳሽ በጣም በትንሹ ሲጨመርበት ማንኳኳቱ ቀጥ አለ። ሞተሩ ከዚያው ነዳጅ የበለጠ ጉልበት አወጣ። ለመኪና ኢንዱስትሪው ትልቅ ድል ነበር፤ በመኪና ለምትሰፋው ከተማም እንዲሁ። ጥቅሙ ወዲያው በሊትርና በፈረስ ጉልበት ተለካ። ማንም ሊክደው አይችልም።

ጉዳቱም ቢሆን ብዙ አልተደበቀም። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ፈሳሹን የሚያመርቱ የስታንዳርድ ኦይል ሠራተኞች አእምሯቸው ተናወጠ፣ የሌለ ነገር ይታያቸው ጀመር፣ 5 ሰዎችም ሞቱ። ጋዜጦች ጮኹ። ሽያጩ ለጊዜው ቆመ፣ ኮሚቴ ተሰየመ፣ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተፈቀደ። እርሳስ መርዝ መሆኑ እኮ ያኔም አዲስ ዜና አልነበረም። ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ክርክሩ የነበረው «በዚህች በትንሿ መጠን ይጎዳል ወይ?» የሚለው ላይ ነው። ይህን ደግሞ መለካት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያሳዝነው። ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመታት ያህል በእርሳስና በጤና ላይ ትልቁ ድምፅ ሮበርት ኪሆ የሚባል ሐኪም ነበር። ላቦራቶሪውን የሚደጉሙት እርሳሱን የሚያመርቱና የሚሸጡ ኩባንያዎች ናቸው። የኪሆ መርህ አጭር ነው፦ ጉዳቱን አሳዩኝ፤ ካላሳያችሁኝ ሽያጩ ይቀጥል። ከፋብሪካ ርቀው በሚኖሩ ሰዎች ሰውነት ውስጥም እርሳስ አገኘ። እናም «ሁሉም ሰው ላይ ካለማ ተፈጥሯዊ ነው» አለ። ውሸታም ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ጉዳቱን የሚያሳይ መሣሪያና ገንዘብ በእሱና በአለቆቹ እጅ ብቻ ሆኖ ሳለ «እናንተ አሳዩኝ» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

መልሱ የመጣው ማንም ካልጠበቀው በኩል ነው። ክሌር ፓተርሰን የጤና ሰው አልነበረም። የድንጋይ ኬሚስትሪ የሚያጠና ተመራማሪ ነው፣ የመሬትን ዕድሜ ለማወቅ ነበር የሚደክመው። ዘዴው በድንጋይ ውስጥ ያሉትን የእርሳስ ዓይነቶች መጠን ማነጻጸር ነው። ግን ልኬቱ አልገጥም አለው። እርሳስ በየቦታው አለ። በአየሩ፣ በአቧራው፣ በመስታወት ዕቃው፣ በራሱ ፀጉር ላይ ሳይቀር። ስለዚህ ከውጭ አቧራ የማያስገባ እጅግ ንጹሕ ላቦራቶሪ ሠራ። ከዚያ ከሕዋ በወደቀ የብረት ቁራጭ ታግዞ የመሬት ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን አወጣ። የ1956 ጽሑፉ ላይ የሰፈረው ይህ ቁጥር ዛሬም ከሞላ ጎደል አልተነካም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ በቃኝ ይል ነበር። ፓተርሰንን ግን ያ ሁሉ ያስቸገረው እርሳስ ከየት መጣ የሚለው አላስተኛውም። ውቅያኖስ ሄዶ ለካ፤ የላይኛው ውሃ ከጥልቁ ውሃ የበለጠ እርሳስ አለው። የግሪንላንድን በረዶ በየንብርብሩ ለካ፤ ወደ ዘመናችን ሲጠጋ መጠኑ ያሻቅባል። በ1965 ባወጣው ጽሑፍ የደረሰበት ድምዳሜ የኪሆን ክርክር ከሥሩ ነቀለው። ሁሉም ሰው ላይ መኖሩ ተፈጥሯዊ አያደርገውም፤ ሁላችንም ተበክለናል ማለት ነው።

እስከዚያ ድረስ ምርምሩን ይደግፉ የነበሩ የነዳጅ ኩባንያዎች ድጋፋቸውን አነሱ። በ1971 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በአየር ላይ ያለውን እርሳስ የሚመረምር ቡድን ሲያቋቁም፣ በጉዳዩ ከማንም በላይ የሚያውቀው ፓተርሰን አልተጠራም። ይህን ሳነብ ሁሌም ያናድደኛል፣ ትንሽም ያስቀኛል።

በመጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እርሳሱ ከቤንዚን መውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው ግፊት ግን ከልጆች ጤና ብቻ የመጣ አይደለም። የጭስ ማጥሪያ ካታሊስት የተገጠመላቸው አዳዲስ መኪኖች መጡ፤ እርሳስ ደግሞ ካታሊስቱን ያበላሸዋል። ለመኪናው አካል ሲባል ከእርሳስ ነጻ ቤንዚን አስፈለገ። ለልጆቹ የደረሰላቸው በ1979 ኸርበርት ኒድልማን ነው። የወለቁ የወተት ጥርሶችን ሰብስቦ እርሳሳቸውን ለካ። ጥርሳቸው ላይ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች በአእምሮ ፈተናና በትኩረት ከሌሎቹ ዝቅ ብለው ተገኙ። እንግዲህ ለግማሽ ምዕተ ዓመት «አሳዩኝ» ሲባል የነበረው ነገር በወለቀ ጥርስ ታየ።

በዓለም ላይ ለመኪና እርሳስ ያለበት ቤንዚን መሸጥ ያቆመችው የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ናት፣ በ2021። ከሚጅሊ ግኝት ልክ 100 ዓመት በኋላ።

ሁሉም ፈጠራ ግን እንደዚህ በአንድ ቃል «ባይኖር ይሻል ነበር» አይባልም። የናይትሮጅን ማዳበሪያን እንይ። በ1909 ፍሪትዝ ሃበር ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስዶ አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ካርል ቦሽ ያንን የጠረጴዛ ሙከራ ወደ ፋብሪካ ቀየረው፤ በ1913 ጀርመን ኦፓው ላይ ማምረት ተጀመረ። ከፍተኛ ሙቀት፣ ከአየር ግፊት ሁለት መቶ እጥፍ ያህል ግፊት፣ በብረት ላይ የተመሠረተ ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጡን የሚያፋጥን ነገር)። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚበላው እህል በዚህ መንገድ በተሠራ ናይትሮጅን የበቀለ ነው ተብሎ ይገመታል። ይህን የሚያክል ፈጠራ እኔ ሌላ አላውቅም። ያው አሞኒያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈንጂም ሆኗል፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ዋጋውስ? እርሻ ላይ ከሚበተነው ናይትሮጅን ሰብሉ የሚወስደው በአማካይ ግማሽ ያህሉን ነው። ቀሪው በወንዝ ይወርዳል ወይ ወደ አየር ይወጣል። ወንዙ ባሕር ሲገባ አልጌ ይፈላል፣ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ዓሣው ይሸሻል ወይ ይሞታል። የሚሲሲፒ ወንዝ በሚፈስበት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ይህ በየበጋው ይደጋገማል። አየር ላይ የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ በመቶ ዓመት ሂሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ማዳበሪያውን የገዛው ገበሬና ዓሣው የጠፋበት አስጋሪ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ምናልባት ስማቸውን እንኳ አይተዋወቁም። የአስጋሪው ኪሳራ በማዳበሪያው ጆንያ ዋጋ ውስጥ የለም።

ይህን ስል ማዳበሪያ ይቁም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ቦታ ገና የሚያስፈልገው መጠን አልደረሰም፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ከልክ በላይ ይበተናል። ሁለቱንም የሚያስታርቀው ያው መለካት ነው። ዴንማርክ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎቿ የሚጠቀሙትን ናይትሮጅን እንዲመዘግቡና በልክ እንዲያደርጉ አስገደደች። ብክነቱ በእጅጉ ቀነሰ፣ እርሻው ግን አልወደቀም። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ተቀበሉት ማለት አይደለም። መዝገብ መያዝ ማንን ደስ ይለዋል?

ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ሲወራ ይህ ሁሉ የት ይገባል? ጂዲፒ (የአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት) ውስጥ ማዳበሪያው ሲሸጥ ይደመራል። እህሉ ሲሸጥ ይደመራል። የተበከለውን ውሃ ለማጣራት የሚወጣው ወጪም ይደመራል! የጠፋው ዓሣ ግን ሳይጠመድ ስለጠፋ የትም አይቀነስም። ለዚህ ስሌት መሠረት ከጣሉት አንዱ ሳይመን ኩዝኔትስ ነው። ይህ ሰው በ1934 ለአሜሪካ ኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ የአንድ አገርን ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢዋ ብቻ መረዳት እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር። መለኪያውን ወሰድንለት፣ ማስጠንቀቂያውን ተውንለት።

ከአካባቢው ወጣ ብለን ሰውን እንይ። ኮንቴይነር ማለት መቼም የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ግን በሚያዝያ 1956 ማልኮም ማክሊን 58 ሳጥኖች በአንዲት አሮጌ መርከብ ላይ ጭኖ ከኒውርክ ወደ ሂውስተን ሲልክ የዓለም ንግድ ተለወጠ። በዚያው ዓመት ልቅ ዕቃ መጫን በቶን 5.83 ዶላር ያህል ያስወጣ ነበር። በአዲሱ ዘዴ ከ16 ሳንቲም በታች ሆነ። ስልክዎ፣ ጫማዎ፣ የሚጠጡት ቡና ሳይቀር በዚህ ልዩነት ውስጥ አልፎ ነው እጅዎ የገባው።

ሌላኛው ወገን ጫኝና አውራጁ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጀርባቸው የሚያነሱትን ክሬን አነሳው። በለንደን ከተማ ውስጥ የነበሩት የቆዩ ወደቦች አንድ በአንድ ተዘጉ፣ በ1981 የመጨረሻዎቹ። ሰፈሩ ለዓመታት ባዶ ሆኖ ቀረ። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በሃሪ ብሪጅስ የሚመራው የወደብ ሠራተኞች ማኅበር በ1960 ከአሠሪዎች ጋር ተስማማ። አሠሪዎቹ የፈለጉትን ማሽን ያስገባሉ። በምትኩ ነባር ሠራተኞች አይባረሩም፣ በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ ዋስትናና ጡረታ ፈንድ ይገባል። ሠራተኛው ያለው ነገር በአጭሩ «ከማሽኑ የምታተርፉትን አስሉና ድርሻችንን ስጡን» ነው።

ፍጹም ስምምነት አልነበረም። ሙሉ አባል ያልሆኑት ያንኑ ዋስትና አላገኙም፤ በ1971ም ከባድ የሥራ ማቆም አድማ ተነስቷል። ቢሆንም ልዩነቱን እዩት። ኮንቴይነሩ ያው ኮንቴይነር ነው፣ ክሬኑም ያው። «ቴክኖሎጂ ሥራ ያጠፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስሰማ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። ለንደንንና ሳን ፍራንሲስኮን የለያየው ማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ማን ነበር የሚለው ነው።

አሁን ወደ ሚጅሊ እንመለስ፤ አዎ፣ ያው ሰውዬ። በ1928 ለፍሪጅ የሚሆን አዲስ ጋዝ ሠራ፣ በኋላ ሲ.ኤፍ.ሲ የተባለውን ቤተሰብ። በዚህኛው ለመውቀስ ይከብደኛል። ከዚያ በፊት ፍሪጅ ውስጥ የነበሩት ጋዞች ሲያፈተልኩ ሰው ይገድሉ ነበር። አዲሱ ግን አይመርዝም፣ አይቃጠልም። ሚጅሊ በ1930 በኬሚስቶች ፊት በአፉ ስቦ ሻማ ላይ ተንፍሶ አጥፍቶበታል። በዚያ ዘመን መለኪያ ሁሉ ንጹሕ ነበር። ችግሩ ከላይ ነው፣ ማንም በማይለካበት ከፍታ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ላቭሎክ እጅግ ጥቂት መጠንን እንኳ በሚለይ፣ ራሱ በፈጠረው መሣሪያ ሲ.ኤፍ.ሲ በአየር ውስጥ ተበትኖ እንደሚገኝ አሳየ። በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለንን ኦዞን እንደሚበላ አሰሉ። ኢንዱስትሪው እንደተለመደው «አሳዩኝ» አለ። በዚህ ጊዜ ግን የሚያሳይ ሰው ነበር። እንግሊዞች አንታርክቲካ ባለው የሃሌይ ጣቢያቸው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየዓመቱ የኦዞኑን መጠን ይመዘግቡ ነበር። ማንም ያልጠየቃቸው፣ ዜና የማይሆን፣ በበጀት ሰዓት «ይሄ ለምን ይጠቅማል?» የሚባልበት ዓይነት ሥራ። በ1985 ጆ ፋርማንና ሁለት ባልደረቦቹ መዝገቡን አውጥተው አሳተሙ፤ በጸደይ ወራት ከላያቸው ያለው ኦዞን በአስደንጋጭ ሁኔታ ሳስቷል። በ1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። በኋላም የዓለም አገሮች ሁሉ አጸደቁት። በ2022 በተነገረው ግምት መሠረት፣ የአንታርክቲካው ኦዞን በ2066 ገደማ ወደ 1980 ደረጃው ይመለሳል።

ከጥርጣሬ እስከ ስምምነት 13 ዓመት። በእርሳሱ ጊዜ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፣ ተተኪ ጋዝ ማግኘት መቻሉም አንዱ ነው። ግን የሃሌይ ሰዎች ደመወዝ ከሲ.ኤፍ.ሲ ሻጭ አለመምጣቱን ትንሽ ነገር አድርጌ ማለፍ አልችልም።

ታሪኩ እዚያም አላበቃም። ከ2010 በኋላ ሲ.ኤፍ.ሲ-11 የሚባለው ዓይነት ምርት ዜሮ ነው ተብሎ ሪፖርት ሲደረግ ቆየ። በ2018 ግን የአየር ልኬቶች ሌላ ተናገሩ፤ ጋዙ መቀነስ በነበረበት ፍጥነት አልቀነሰም፣ አንድ ቦታ በድብቅ እየተለቀቀ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በደቡብ ኮሪያና በጃፓን ደሴቶች ላይ ያሉ ጣቢያዎች መረጃ ሲተነተን ከጭማሪው ትልቁ ድርሻ ከምሥራቅ ቻይና አካባቢ እንደሚመጣ ታወቀ። ጫናው በረታ፤ በ2019 ልቀቱ መልሶ ወረደ። ዜሮ የሚለውን ወረቀት አየሩ አጋለጠው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የአሜሪካዊውን ሳይንቲስት የቻርልስ ኪሊንግን ሥራ ማንሳት አለብኝ፣ በአጭሩ። ከ1958 ጀምሮ በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለካ። ያኔ ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 315 ያህሉ ነበሩ፣ ዛሬ ከ420 በላይ ናቸው። በ1964 በጀት ተቆርጦ ልኬቱ ለጥቂት ወራት ተቋርጧል። በዚያ ታዋቂ መስመር ላይ ክፍተቱ ዛሬም ይታያል።

እንግዲህ ወደ ዘመናችን። ስልኬ በቀን ስንት ሰዓት እንዳፈጠጥኩበት ይነግረኛል። ያንን ማወቅ ብዙም አልጠቀመኝም፤ ያፈጠጥኩበትን ነገር የመረጠልኝ ቀመር ምን ፈልጎ እንደመረጠው አይነግረኝማ። ስለ ማኅበራዊ ሚዲያና ስለ ወጣቶች አእምሮ ብዙ ይጻፋል። ተመራማሪዎችም ይጣላሉ። አንዳንዱ ብዙ ጎድቷል ይላል፣ አንዳንዱ ተጽዕኖው ትንሽ ነው ይላል። እኔ በክርክሩ የማንም ደጋፊ አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ብዙዎቹ ጥናቶች የሚሠሩት ወጣቶቹን «በቀን ስንት ሰዓት ትጠቀማለህ?» ብለው ጠይቀው ባገኙት መልስ ነው። ዝርዝር መረጃው ያለው ኩባንያዎቹ ጋ ነው። ፓተርሰን በረዶውን ለመቆፈር የነዳጅ ኩባንያ ፈቃድ አላስፈለገውም። እዚህ ግን በረዶውም የኩባንያው ነው።

ፌስቡክ ኢንስታግራም በወጣት ሴቶች ላይ ያለውን ተጽዕኖ በውስጥ ያጠና እንደነበር ዓለም ያወቀው በ2021 ነው፤ ያውም ፍራንሲስ ሃውገን የተባለች የቀድሞ ሠራተኛው ሰነዶቹን ስላወጣች። ጥናቱ ጉዳት አለ ብሎ ይሁን የለም ብሎ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ኩባንያው ራሱ ውጤቱ ተጣሞ ተተርጉሟል ብሏል። ይሁን። ታዲያ ሌላ ሰው እንዲያየው ለምን ማፈትለክ አስፈለገ?

በ2022 የአውሮፓ ኅብረት ያወጣው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ እዚህ ላይ አንድ በር ይከፍታል። በጣም ትልልቅ የሆኑ መድረኮች፣ ኅብረተሰቡ ላይ የሚያደርሱትን አደጋ ለሚያጠኑና ብቃታቸው ለተረጋገጠ ተመራማሪዎች መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ለኔ ይህ ከሌሎቹ የሕጉ አንቀጾች ሁሉ ይበልጣል፣ ምንም እንኳ ስለሱ ብዙ ባይወራም። ሕጉ የሚሠራው ግን ኅብረቱ ውስጥ ነው። ከዚያ ውጭ ያለ ተጠቃሚ ለጊዜው የሚያገኘው ኩባንያዎቹ በፈቃዳቸው የሚያወጡትን ሪፖርት ነው።